ስምንት ሰዓት ላይ የተፈተነ አንጎል

ድንቄም ተመራማሪ! ያን ዶክተር ባሰብኩት ቁጥር አፌ ላይ የሚመጣው ይኸው ነው፤ ደግ ቃል ፈልጌለት አጣሁ። አርባ ምንጭ የመጣው ሚሌኒየሙ ከገባ በኋላ ነው፤ ባጃጅ ገና ብርቅ በነበረበት፣ ሲቀላ ሰፈራችን ላይ አንዷ ስታልፍ ሰው ከሱቁ ወጥቶ በሚያይበት ጊዜ። ነጭ መኪና፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ነጭ ባርኔጣ። ጫት አንጎልን ምን እንደሚያደርገው፣ ጠባይንም እንዴት እንደሚለውጠው ሊያጠና ከአዲስ አበባ መጣ ተባለ። አማርኛም ጋሞኛም የምትችል ነርስ ሲያፈላልግ ወደ እኔ ጠቆሙት።

እጄን እንኳ በወጉ ሳይጨብጥ፣ ለሁለት የሚከፈል የፕላስቲክ አንጎል ከቦርሳው አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። "ሲስተር፣ ይህን ታውቂዋለሽ?" አለኝ። ስንት ዓመት ነርስ ሆኜ አንጎል አታውቅም ብሎ! "እንዴታ ዶክተር፤ አንዱ እቤቴ ሶፋ ላይ ተኝቷል" የሚል መልስ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ዋጥኩት። ሥራውን ፈልጌዋለሁ፤ ቀስ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ሶፋው ላይ የተኛው ወንድሜ ነው። በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ሹፌር ነበር፤ ነበር ነው ያልኩት። ሙዝ እየጫነ አዲስ አበባ ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት፣ ጠማማ በሌለበት፣ ዝናብ ባልጣለበት፣ ከብት ባልገባበት መንገድ ላይ መኪናውን ከነሙዙ ቦይ ውስጥ ከተተው። እንቅልፍ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል። ባለመኪናው "ቃሚ ሁለተኛ መኪናዬ ላይ አይወጣም" ብሎ ቁልፉን ተቀበለው። ከዚያ ወዲያ ልብሱን በአንድ ፌስታል ይዞ እኔ ቤት ገባ። "ለሁለት ሳምንት ነው፣ እህቴ" አለኝ። ዶክተሩ ሲመጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር።

የወንድሜን ቀን ልንገራችሁ። ጠዋት ሲነሳ ፊቱ እንደተኮማተረ ነው። ቃሚዎች ሐራራ ይሉታል፤ የትናንቱ ጫት አልቆ የዛሬው እስኪመጣ ድረስ ሰውየው ባዶ የሚሆንበት ሰዓት ነው። ያዛጋል፣ ዓይኑ ያነባል፣ የሻይ ብርጭቆ አፉ ድረስ አንስቶ እዚያው ያንቀላፋል። ደህና አደርክ ያለው ሰው ጠላቱ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱን ገዝቶ ሲመጣ ነፍስ ይዘራል። ስምንት ሰዓት ላይ መርቅኗል። ያኔ ነው ወንድሜን ማየት! አባያ ላይ ድልድይ ይሠራል፣ የሙዝ ፋብሪካ ይከፍታል፣ እኔን ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ይሾመኛል። ማታ ምርቃናውን ሊሰብር አረቄውን ይጠጣና ስለ እናታችን ያለቅሳል። በማግስቱ ጠዋት እንደገና ሻዩ ላይ ያንቀላፋል። ይህን ሁሉ ለማወቅ የፕላስቲክ አንጎል አላስፈለገኝም።

የምፈራው አንድ ነገር ነበር። ይህ ሰው በጠዋት መሪ ከያዘ ሰው ይገድላል። ይህን ለጎረቤትም ለዘመድም ተናግሬአለሁ፤ ያልነገርኩት ሰው የለም። ግን ደግሞ ከቤቴ እንዲወጣልኝ እፈልጋለሁ፤ የሚወጣው መሪ ሲያገኝ ብቻ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ታቅፌ ነው የዶክተሩን ሥራ የጀመርኩት።

ሥራው እንዲህ ነው። ሲቀላ መናኸሪያው ጀርባ ግቢው ውስጥ ማንጎ ያለበት አንድ ክፍል ተከራየን። ሰዎቹ ሁለት ወገን ናቸው፤ የሚቅሙና ቅመው የማያውቁ። የሚቅሙት ሹፌሮች፣ ረዳቶች፣ ተሸካሚዎች ናቸው። የማይቅሙት ደግሞ መምህራን፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ሳጥን አለች፤ ቀይ መብራት ስትበራ ቁልፏን መጫን ነው፤ ሰውየው ምን ያህል እንደዘገየ ሳጥኗ ትመዘግባለች። ከዚያ ጥቂት ቃላት አነብለትና ቆይቼ መልስልኝ እለዋለሁ። በመጨረሻ ስለ ጠባይ እጠይቃለሁ፤ በትንሽ ነገር ትቆጣለህ ወይ፣ ከሰው ትጣላለህ ወይ፣ ቅብጥርሴ። ውጤቱን ቅጽ ላይ እሞላለሁ፤ ዶክተሩ ይፈርማል፤ ማህተም ይመታበታል። ማህተሙን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ጌታው እጁን ቀለም እንዳይነካው ይፈራል።

ታዲያ ይህ ሁሉ የሚሠራው ስንት ሰዓት ላይ ይመስላችኋል? ከምሳ በኋላ፤ ስምንት ሰዓት ላይ! ለምን ቢሉ፣ ጠዋት ጠዋት ዶክተራችን ጫሞ ላይ በጀልባ አዞ ሊያይ ይሄዳል። አንድ ቀን አይቶ አይበቃውም መሰለኝ፣ አዞው ዘመዱ ይመስል በየጠዋቱ ይሄዳል። ከዚያ ዓሣውን በልቶ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ከች ይላል።

ቃሚዎቹ "ሳትቅሙ ኑ" ተብለዋል። እንዴ! ስምንት ሰዓት ላይ ሳይቅም የሚመጣ ቃሚ ካለ ዶክተሩ እሱን ሙዚየም ያስገባው። ማንጎው ሥር ተራ እየጠበቁ ጉንጫቸው እንዳበጠ ይጫወታሉ። "ቅመሃል?" ስለው "ኧረ በጭራሽ፣ ሲስተር!" ይለኛል፣ ጥርሱ አረንጓዴ ሆኖ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ዶክተሩ ይሰማል፣ ቅጹ ላይ "አልቃመም" የሚለውን እንድሞላ ይነግረኛል። የማይቅሙት ደግሞ በዚያ በአርባ ምንጭ ሙቀት፣ ምሳቸውን ጥግብ አድርገው፣ ላባቸውን እየጠረጉ ይገባሉ። አንድ የሒሳብ መምህር ነበሩ፣ ጨዋ ሰው፤ ቀይ መብራቷን እየጠበቁ እንዳሉ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ አንኮራፉ። መብራቷ በርታ ጠፋች። እኔ "መምህር፣ መምህር" እያልኩ ትከሻቸውን ስነካ ደንግጠው ቁልፏን ሳይሆን የዶክተሩን ብርጭቆ መቱ።

የሚቅሙትማ መብራቷ ሳትበራ ሊጫኑ ምንም አይቀራቸው! ቃላቱን ከነቅደም ተከተላቸው ይመልሱልኛል፤ ከፈለግሁ ከኋላ ወደ ፊትም ሊሉልኝ ዝግጁ ናቸው። ከሰው ትጣላለህ ወይ ስላቸው "እኔ? ከሰው? ነይ ልቀፍሽ!" ይሉኛል። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ዓለሙን ሁሉ ይወዳል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያው ውስጥ በሂሳብ ተጣልተው የሚተናነቁት እነዚያው ሰዎች ናቸው።

በሳምንቱ አላስችል አለኝ። "ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና" አልኩት፣ "እነዚህ ሰዎች መርቅነው ነው የሚመጡት። ጉዳቱን ማየት ከፈለጉ ጠዋት፣ ሳይቅሙ በፊት ነው መፈተን ያለባቸው። ወንድሜ ቃሚ ስለሆነ አውቀዋለሁ።"

መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። "ሲስተር፣ ፕሮቶኮሉ ጸድቋል። ያንቺ ሥራ መሙላት ነው።"

ኤዲያ! ውስጤ እሳት ሆነ። እሺ፣ መሙላት ነው ካልከኝ እሞላልሃለሁ፣ አልኩ በሆዴ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፌን ዘጋሁ። ዘጋሁ ስላችሁ አዝኜ አይደለም፤ ደስ ብሎኝ ነው። ያ ሁሉ ኩራት ውሎ አድሮ በገዛ ወረቀቱ ሲዋረድ ማየት አማረኝ። በየቀኑ አዲስ ቅጽ ስሞላ ይበለው እያልኩ ነበር የምሞላው።

ወንድሜ ራሱ ቃሚዎቹ መካከል ተመዘገበ። ተራው ደርሶ ሲገባ ሸሚዙን ቆልፎ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ዓይኑ አብርቶ ነበር። ወንበሩን የሹፌር ወንበር እንደሚስተካከል ወደ ፊት ጎተተው። ከዚያ ምን ልበላችሁ፣ ከተፈተነው ሰው ሁሉ ፈጠነ። ዶክተሩ አላመነም፤ ሳጥኗን አንስቶ ገልብጦ ባትሪዋን አየ፤ እንደገና ፈተነው። እንደገና ፈጠነ። "ይገርማል" አለና ፈረመ። ወንድሜ እኔን በጎን እያየ ጥቅሻ ጣለልኝ። እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

በዚያው ሰሞን አንድ ነጋዴ ሚኒባስ ገዛ። ሲቀላ ገበያው ዳር ቆርቆሮና ምስማር የሚሸጥ፣ ከሱቁ ውጪ የሚያውቀው ነገር የሌለ ሰው ነው። ሲቀላና ዶርዜ መካከል የሚሠራ ሹፌር ይፈልጋል። ወንድሜ ሄዶ ጠየቀው። ነጋዴው የሙዙን ወሬ ሰምቷል። "ጤነኛ መሆንህን የሚያሳይ ወረቀት አምጣ፤ ማህተም ያለው" አለው። እኛ አገር ማህተም ካረፈበት ማን ያነበዋል? ክብ ከሆነና ሰማያዊ ከሆነ ሰውየው ጤነኛ ነው።

ወንድሜ ማታ መጥቶ አልለመነኝም። በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የመጣው፣ ብልጥ! "እህቴ፣ ያን ቅጽ አንድ ኮፒ ስጪኝ። ውሸት አልጠየቅኩሽም። ያየሽውን ነው።"

እውነቱን ነው፤ ያየሁትን ነው። ቅጹን በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። "ንቃት፡ እጅግ በጣም ጥሩ። ፍጥነት፡ እጅግ በጣም ጥሩ። የማስታወስ ችሎታ፡ እጅግ በጣም ጥሩ። ጠባይ፡ የተረጋጋ።" ሌሎች ወረቀቶች መሐል ከትቼ ለዶክተሩ ሰጠሁት፤ አንድ መስመር ሳያነብ ፈረመ። ማህተሙን እኔ መታሁት። ለምን እንደሚፈልገው አውቅ ነበር። በዚያች ደቂቃ የታየኝ ባዶ ሶፋዬ ነው፤ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ እግሬን ስዘረጋ። ደግሞም የዶክተሩ ፊርማ ቃሚን "የተረጋጋ" ሲል ማየት ጣፈጠኝ። "እንካ፣ ግድግዳ ላይ ስቀለው" ብዬ ሰጠሁት።

በሳምንቱ ወንድሜ ፌስታሉን ይዞ ወጣ። ዶክተሩም ብዙ ሳይቆይ ሳጥኗንና አንጎሉን ጠቅልሎ ሄደ። ስንብቱ ላይ ስለ አርባ ምንጭ ሕዝብ እንግዳ ተቀባይነትና ስለ አዞው ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ስለ አንጎል አንድም ነገር አልተነፈሰም።

ለወራት ደህና ሆነ። ወንድሜ ከሰዓት ሲቀላ ላይ ጭኖ ወደ ዶርዜ ይወጣል፣ ሳይመሽ ይወርዳል፤ ምርቃናው ላይ ነው የሚነዳው። ያን ጠመዝማዛ አቀበት የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ባንድ ወገን ገደል፣ ባንድ ወገን ቀርከሃና እንሰት፣ ሲዘንብ ደግሞ መንገዱ ሳሙና ነው። ወንድሜ ጎበዝ ተባለ። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል፤ ተሳፋሪ ሲከራከረው አውጥቶ ያሳያል። "እኔ በሳይንስ የተፈተንኩ ሹፌር ነኝ!" ጉራው አያድርስ ነው።

ከዚያ ነጋዴው ፕሮግራሙን ቀየረ። ገበያተኛው በጠዋት ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ መኪናው ዶርዜ አድሮ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ይውረድ አለ። ወንድሜ ይህን የነገረኝ እየሳቀ ነው። "ጠዋት? አንተ? አይሆንም" አልኩት። "በጠዋት አንተ ሻይ መያዝ አትችልም!"

ኪሱን መታ መታ አደረገ። "ማህተም የመታሽው አንቺ ነሽ፣ እህቴ።"

የነጋዴው ሱቅ ከሥራ ቦታዬ ሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ሄጄ "ይህ ሰው ጠዋት አይነዳም" ማለት ነበር፤ ሌላ ምንም አይጠይቅም። አልሄድኩም። ከሄድኩ "ታዲያ ወረቀቱስ?" ይለኛላ። ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ ስል ሰነበትኩ። እነዚያ ቀናት እስከ ዛሬ ያንገበግቡኛል።

በገበያ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ ከምሠራበት ጤና ተቋም በር ላይ የጭነት መኪና ቆሞ ጥሩምባ ነፋ። ወጥቼ ሳይ ወንድሜ ጭነቱ ላይ ተንጋሏል፤ እግሩ በማይሆን አቅጣጫ ታጥፏል። ዓይኑ ያ የጠዋት ዓይኑ ነበር፤ ባዶ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ መሪውን እንደያዘ አንቀላፍቶ ሚኒባሱ እንሰት ውስጥ ተገልብጧል። አብዛኛው ሰው በጭረትና በስብራት ተረፈ። አንዲት ሴት ግን ሕይወቷ አልፎ ነው የደረሰችው። የዶርዜ ሸማኔ ሚስት ናት፤ ባሏ የሠራውን ጋቢ ሲቀላ ልትሸጥ ትወርድ ነበር። ገላዋን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ለማንም አልሰጠሁም፤ ማንም ሲያግዘኝ ማየት አልፈለግኩም።

የመንግሥት ሕግ በራሱ መንገድ ሄደ። ወንድሜ ግን በዋስ ተለቆ ክራንች ላይ ሳለ፣ የእርቁን ቀን የጋሞ ሽማግሌዎች ቆረጡ። ከሲቀላ ወደ ዶርዜ የወጣነው ሦስታችን ነን፤ ወንድሜ፣ ነጋዴውና እኔ። እኔ የሄድኩት እህት ስለሆንኩ ነው ተብሎ ነው፤ ሌላውን ከወንድሜ በቀር ማንም አያውቅም። ሜዳው ላይ ሽማግሌዎቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ወግ ነውና የበደለው ወገን እርጥብ ሳር በእጁ ይዞ ይንበረከካል፤ የተበደለው ሳሩን ከተቀበለው ይቅር አለ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ግን ሁሉም እጁ ያለበትን ይናገራል። የተደበቀ ጥፋት ጎሜ ይሆናል ይላሉ፤ ሰውየው እስኪናገረው ድረስ ከብቱንም ልጁንም ማሳውንም ይከተላል። እኔ የከተማ ነርስ ነኝ፤ በልቤ በዚህም ስስቅ ኖሬአለሁ። የማልስቅበት ነገር መቼ ነበረና!

ወንድሜ እያለቀሰ ተናገረ። እንቅልፍ ወሰደኝ አለ፤ ጫት እቅማለሁ አለ። ነጋዴው ግን ተነስቶ ያን በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ከወንድሜ ወስዶ ያስቀረውን ወረቀት አወጣ። "እኔ እንዲሁ አልቀጠርኩትም። ሳይንስ ፈትኖታል። ይኸው፣ ፊርማ፣ ይኸው፣ ማህተም" ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን እየተቀባበሉ ማህተሙን አዩ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። በቃ፣ እግዜር ያመጣው ነው ሊባል ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ሸማኔው፣ የሟቿ ባል፣ እዚያው ክቡ ውስጥ ተቀምጧል። ሽበታም፣ ቀጭን ሰው ነው፤ ጣቶቹ ከክሩ ብዛት ጠንክረዋል። ወረቀቱን ተቀብሎ ገልበጥ አድርጎ አየው። ማንበብ አይችልም። ከዚያ በጋሞኛ ጠየቀ። "ይህን ሰው የፈተናችሁት በስንት ሰዓት ነው?"

ነጋዴው "ሰዓቱ ምን ያደርጋል?" አለ።

"እኔ የሚሸምን ሰው ስቀጥር" አለ ሸማኔው፣ "ከሰዓት በኋላ መጥቶ ቢሠራልኝ አላየውም። ከሰዓት ሁሉም ይቅማል፣ ሁሉም ጎበዝ ነው። እኔ ቤት አሳድረውና ጠዋት፣ ምንም ሳይቀምስ፣ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቼ መወርወሪያ አስይዘዋለሁ። ድሩ የሚበጠስ ከሆነ ያኔ ነው የሚበጠሰው። ይህን ሰው በስንት ሰዓት ፈተናችሁት?"

ያ ሁሉ ፕሮቶኮል፣ ያ ሁሉ ነጭ ሸሚዝ ያልጠየቀውን ጥያቄ! ወንድሜ ቀና ብሎ እኔን አየ። እሱ ሲያየኝ ሰው ሁሉ አየኝ። "ስምንት ሰዓት ላይ" አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። "ቅሞ ነበር።"

"ማን ነው የጻፈው?"

"እኔ ነኝ የጻፍኩት። ግን ያዘዘኝ ዶክተር አለ፤ እሱ ነው ሰዓቱን የመረጠው። ጠዋት ይሁን ብዬ ነግሬው ነበር፤ አልሰማ ብሎኝ ነው። የፈረመውም እሱ ነው" እያልኩ ዘረገፍኩት። አዞውን፣ ጀልባውን፣ ዓሣውን ሳይቀር ነገርኳቸው። የሰው ሚስት ሞታ እኔ የአዞ ወሬ አወራለሁ! ሸማኔው እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ተነስቶ የወንድሜን ሳር ተቀበለው። የነጋዴውንም ተቀበለው። እኔ ዘንድ ሲደርስ እጁን አልዘረጋም።

"አንቺ ሌላ ሰው ይዘሽ ነው የመጣሽው" አለ። "ያንን ሰው አምጪና አንድ ላይ ትንበረከካላችሁ።" ሳሬን እንደያዝኩ ሲቀላ ወረድኩ።

ዶክተሩን በስልክ ፈለግኩት፤ አንዴ ስብሰባ ላይ ነው፣ አንዴ ውጭ አገር ነው። ዓመታት አለፉ። ወንድሜ ፍርዱን ጨርሶ ወጣ፤ መሪ ዳግመኛ አልነካም፤ አሁን መናኸሪያው ጋ ጎማ ይለጥፋል። ሲቀላ በባጃጅ ተሞላች። አንድ ቀን ዶክተሩ ለሥልጠና አርባ ምንጭ መጣ ተባለ፤ አባያና ጫሞን ቁልቁል ከሚያሳይ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስለ ጫትና ስለ አንጎል ያስተምራል። ሄጄ ኋላ ተቀመጥኩ። የፕላስቲኩ አንጎል አሁንም አብሮት አለ። ጥያቄ ሲባል እጄን አወጣሁ። "ዶክተር፣ እዚህ ያጠኑት ጊዜ ሰዎቹን የፈተኗቸው በስንት ሰዓት ነበር?"

"ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰዓቱን አልተቆጣጠርንም፤ ይህ የጥናቱ ውስንነት ነው፤ ጽሑፉ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጽፈንበታል" አለ። አንድ መስመር! ስንወጣ ተጠግቼ ነገርኩት፤ ወረቀቱን፣ መኪናውን፣ ሴትዮዋን። ዶርዜ አብሮኝ እንዲወጣ፣ አንድ ቀን ብቻ እንዲሰጠኝ ለመንኩት። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "በጣም ያሳዝናል፣ ሲስተር። እውነት በጣም ያሳዝናል። ግን ነገ በረራ አለኝ።" ሁለት እርምጃ ሄደና ተመለሰ። "ዶርዜ ጥሩ ቡሉኮ ይሠራል አሉ። አንድ ብትልኪልኝ?"

ጥዬው ወጣሁ። ስድብ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ለስድብም አነሰብኝ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ዶርዜ ወጣሁ። ለሸማኔው ልነግረው የተዘጋጀሁትን መንገዱን ሙሉ ስደግም ነበር፤ ቡሉኮውን ስነግረው እንዴት እንደሚናደድ እያሰብኩ። ግቢው በር ላይ ጥቂት እርጥብ ሳር ነጭቼ ገባሁ። ቤቱ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ክር ያጠነጥናል። በጣም አርጅቷል። አወቀኝ። "ሰውየው አልመጣም" አልኩት። "ያለኝን ቢሰሙ..."

ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ። "ስምንት ሰዓት ሆኗል" አለኝ። "ጠዋት ነይ።"

ከአክስቴ ልጅ ቤት አደርኩ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ ብርዱ አጥንቴ ገባ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ምንም ሳልቀምስ፣ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ፣ አዲስ ሳር ነጭቼ በሩ ላይ ደረስኩ። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ሥራ ጀምሯል። ሲያየኝ መወርወሪያውን አስቀመጠ።

"አሁን ንገሪኝ" አለ።

ተንበርክኬ ነገርኩት። ወንድሜ ጠዋት ምን እንደሚሆን አውቅ እንደነበር። ሶፋዬን እንደፈለግኩ። ወረቀቱን በእጄ እንደገለበጥኩ፣ ማህተሙን በእጄ እንደመታሁ። የነጋዴው ሱቅ ሩብ ሰዓት መንገድ እንደነበረና እንዳልሄድኩ። ሚስቱን ያጠብኩት እኔ እንደሆንኩ። ጨርሼ ዝም ስል፣ ዶክተሩን አንድም ጊዜ እንዳላነሳሁት ያወቅኩት ሸማኔው ከጉድጓዱ ወጥቶ ሳሩን ከእጄ ሲወስድ ነው።